«ጤና ነን» ብሎ የገባው ሰውዬ

ዛሬ የማንንም ኮቴ አላምንም። በር ሲንኳኳ ሦስት ጊዜ «ማነው?» እላለሁ፤ ድምፁን ባውቀው እንኳ ስሙን አስጠራዋለሁ፤ ስሙን ከነገረኝ በኋላም በቀዳዳ አየዋለሁ። ታላቅ እህቴ «አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽንም መታወቂያ ሳትጠይቂ አታሳልፊም» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ያለው ሰው አንድ ቀን ገንፎ ሲውጥ ጉሮሮውን የተወጋ መሆን አለበት እንጂ ዝም ብሎ አልተናገረውም። እኔም ተወግቻለሁ። ስንጥሩን ገንፎው ውስጥ የጣልኩት ግን ራሴ ነበርኩ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሐረር፣ ከግንቡ ውጪ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ስመደብ ሥራዬ ጀጎል ውስጥ፣ ኤረር በር አካባቢ ስለነበር እዚያው አንድ ክፍል ተከራየሁ። ግቢው የአዴ ሙሚና ነው፤ «አዴ» በሐረር እናት እንደማለት ነው። አዴ የድሬ ጠያራ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ኤረር በር አጠገብ አትክልት እየቸረቸሩ ነው የሚኖሩት። ለሱብሂ ሶላት ጎህ ሲቀድ ተነስተው ይወጣሉ፣ ሲመሽ ለመግሪብ ይመለሳሉ። ሌላዋ ተከራይ ኢክራም ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ የስምንት ወር ሕጻን ያላት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ከኢክራም የሚለየኝ አንድ ግድግዳ ነበር። ልጇ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው።

ሥራዬ ምን መሰላችሁ? በር ማስከፈት ነው። ያልተከፈተ በር ካለ ክትባት ያልደረሰው ልጅ አለ ማለት ነው። ስለዚህ «ጤና ነን!» ብለን ስንጣራ በር ወለል እንዲል ሰፈሩን አስለመድነው። መጀመሪያ ሰሞን ኢክራም ከውስጥ «ማን ልበል?» ብላ ስትጠይቀኝ «አንቺ ደግሞ፣ ጤና ምን ይጠየቃል!» ብዬ የተቆጣኋት እኔ ነኝ። ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ፣ ባልሽ የት ነው፣ ስንት ሰዓት ቤት ትገኛለሽ ስንላቸው እንዲመልሱ ያስተማርናቸው እኛ ነን። መልሱን ደብተር ላይ እናሰፍራለን። ዘመቻ ሲሆን ደግሞ ከበሩ ጎን በጠመኔ ምልክት እናደርጋለን፤ የቤቱን ቁጥር፣ የተከተበውን ልጅ ብዛት፣ ቀኑንና ቡድኑ የሄደበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት።

አንድ ረቡዕ ለምሳ ስገባ ከግቢያችን በር ጎን ጠመኔ አየሁ። ዝቅ ብሎ፣ ጉልበቴ አካባቢ ነው የተጻፈው። «3» ይላል፣ ከሥሩ «8–10» ይላል፣ ዙሪያው ተከቧል። ቀን የለውም። ቀስት የለውም።

የድሮ ዘመቻ ትራፊ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ሁለት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። ግድግዳው እኮ ለበዓሉ አረንጓዴ ቀለም ከተቀባ ገና አሥር ቀኑ ነው! ቀለሙን ከአዴ ጋር የቀባሁት እኔ ነኝ። ዘመቻው ደግሞ ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል።

«ኢክራም፣ ከጤና የመጣ ሰው ነበር እንዴ?» አልኳት ገና በሩን ሳልፍ።

ልብስ እያሰጣች ነበር። «አዎ፣ ትናንት። አልነገሩሽም? ደግ ልጅ ነው። ሳጥን ይዟል፣ ባጅ አንጠልጥሏል። 'ጤና ነን' አለ፣ ከፈትኩለት።»

«ልጁን ከተበው?»

«የለም፣ ክትባቱ አልቆበታል። ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥር ቤት ጠብቂኝ ብሎኛል። ነገ ማለት ነው።»

«ሌላስ ምን ጠየቀሽ?»

«እናንተ የምትጠይቁትን ነዋ! ስንት ናችሁ አለኝ፣ ሦስት ሴቶች አልኩት። ባልሽስ አለኝ፣ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው አልኩት። አዴ ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ጠየቀኝ። አንቺንማ ያውቅሻል። 'ሲስተር ወይንሸት ከምሳ በኋላ ስንት ሰዓት ነው ወደ ሥራ የምትመለሰው?' አለኝ።»

የማላውቀው ወንድ ስሜን ጠርቶ መውጫ ሰዓቴን ጠይቋል።

ጀጎልን የማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሌላ ከተማ ሴት ልጅ የምትፈራው ጨለማን ነው። እዚህ ግን ማታ መንገዱ ሰው አያጣም፤ ሰፈሩ ጭር የሚለው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ዙሁር ተሰግዶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ በርጫ ይቀመጣል። ጫቱን ይዞ፣ ጀርባውን ትራስ ላይ ጥሎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይመሰጣል። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ስትሄዱ የራሳችሁን እርምጃ ነው የምትሰሙት። ሰውየው የመረጠው ያንን ሰዓት ነው።

ምሳዬን ትቼ ወጣሁና ሰፈሩን እያጎነበስኩ ማየት ጀመርኩ። ቀጥሎ ባለው በር ምንም የለም። ሦስተኛው ላይ የለም። አራተኛው ላይ አለ፤ ባሏ አምና የሞተባት ሴት ቤት ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ ሁለት እህትማማች ተማሪዎች የተከራዩበት በር ላይ አለ። ባሏ አረብ አገር ያለው ሴት በር ላይ አለ። ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት በር ላይ አለ። ከእኛ ጋር አምስት። ወንድ ያለበት አንድ ቤት እንኳ አልነካም። ሌላ ሰው ቢያየው ጠመኔ ነው። እኔ ግን የእያንዳንዱን ቤት ጓዳ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ማንበብ ቻልኩ።

የባሰ የደነገጥኩት ግን ያኔ አይደለም፤ «ይሄ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አወቀ?» ብዬ ራሴን ስጠይቅ ነው። መልሱን አውቀው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደብተሬ ጠፍቶብኛል። ባጃጅ ውስጥ ረስቼው ወረድኩ። የእናቶቹ ስም፣ ስልካቸው፣ ባል ያላትና የሌላት፣ ማን ብቻዋን እንደምትኖር፣ ሁሉም በእጄ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ አለ። ከላዩ ላይ የኔ ስም። ለአለቃዬ ብናገር ጉድ ይፈላል ብዬ ሌላ ደብተር ገዛሁና የማስታውሰውን ገለበጥኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ይኸውላችሁ እንግዲህ፤ አሁን አንድ ሰው ያንን ደብተር ይዞ በር ለበር እየዞረ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ሰሙኝ፣ ሰሙኝና «ምን ወሰደ?» አሉኝ።

«ገና ምንም አልወሰደም።»

«ማንን ነካ?»

«ማንንም። ግን ነገ ስምንት ሰዓት ይመጣል።»

«የኔ ልጅ፣ ጠመኔ ጻፈ ብዬ ማንን ልሰር? ስልኬን ያዢ። ሲመጣ ደውይልኝ፣ እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን መኪናቸው እኛ ሰፈር መንገድ ውስጥ አይገባም፤ በእግር ሮጠው እስኪደርሱ ስንት ነገር ይሆናል! ስለ ደብተሩ ለሳቸውም አልነገርኩም። ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ወንድ ሁሉ እጁን እያየሁ ነው ያለፍኩት፤ ጠመኔ የነካ ጣት ፍለጋ። የባጃጁ ሹፌር፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ ባለሱቁ፣ ሁሉም ያንን ሰው መሰሉኝ። ባለሱቁ «ሲስተር፣ ዛሬ ፊትሽ ልክ አይደለም» ቢለኝ «አንተ ፊቴን ምን አገባህ?» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ደንግጦ ያስቀመጠልኝን ዳቦ እንኳ ሳይሰጠኝ ቀረ።

ከመግሪብ በኋላ አዴ ሙሚና ሲመለሱ ሦስታችንም ቤታቸው ተሰበሰብን። ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ሱብሃነላህ!» አሉ አዴ። «ይሄ ሰው ሰይጣን ነው። ከሰይጣን ደግሞ አይሸሹም፣ ይጠብቁታል።»

ኢክራም ልጇን አጥብቃ አቀፈች። «እናቴ ጋ አቦከር ሰፈር ልሂድ፣ አዴ።»

«ሂጂ፣ ማን ይከለክልሻል? ግን አንቺን ሲያጣ ወደ አሮጊቷ ቤት ነው የሚሄደው።»

ኢክራም «ልጁን አድርሼው እመለሳለሁ» አለች። «ቤቴ ነው። ከቤቴ የት እሄዳለሁ?» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ግን ወይኒ፣ እንዴት አወቀን? እኔ ሳልነግረው በፊት ነው እኮ ስምሽን የጠራው!»

አዴም አዩኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ወላዲተ አምላክ ትመስክር።

«እንጃ» አልኩ።

አዴ ዘዴውን የዘረጉት ያን ምሽት ነው። ኡኡታ እንደማያዋጣ ነገሩን። «በበርጫ ሰዓት ኡኡ ብትዪ ሰዉ የቴሌቪዥን ፊልም ይመስለዋል። ሰውየውም ይደነግጥና አፍሽን ያፍናል። ሙቀጫ እንወቅጣለን።»

«ሙቀጫ?» አልኩ።

«ኢንተላ ቲያ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እዚህ ሰፈር ከዙሁር በኋላ ሙቀጫ ሲወቀጥ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነትም ሰምቼ አላውቅም። ያልተጻፈ ሕግ ነው። በርጫ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ ላይ አይወቀጥበትም፤ ቅመምሽን በጠዋት ወቅጠሽ ትጨርሻለሽ። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ግን ይህን በምን ያውቃል? ለሱ የሙቀጫ ድምፅ የጓዳ ድምፅ ነው፣ በቃ። አዴ በዚያው ምሽት የአራቱን ቤት ሴቶች ዞረው «ነገ ሙቀጫ ስትሰሙ በእጃችሁ ያለውን ይዛችሁ ወደኔ ሩጡ» አሏቸው።

ሐሙስ አዴ ገበያ አልወጡም። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እኔ ክፍሌ ውስጥ ከበሩ ኋላ፣ አዴ ጓዳቸው፣ ኢክራም ደጃፏ ላይ ተቀመጥን። አዴ ከመለያየታችን በፊት ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ነጠላ ጫማዬን አስወለቁኝ። አንገቴ ላይ ጠበቅ አድርጌ የቋጠርኩትን ሻሽ ደግሞ በገዛ እጃቸው ፈቱት። «የተቋጠረ ሻሽ ለሌባ ገመድ ነው። ጣል ብቻ አድርጊው። ከያዘሽ እሱን ትተሽለት ሂጂ።»

ስምንት ሰዓት ሆነ። መንገዱ ጸጥ አለ። ስምንት ከሩብ። አንድ ኮቴ መጣ፣ አለፈ። የመጣው ሰው እውነተኛ የጤና ባልደረባ ቢሆንስ? ሰፈሩን ሁሉ በከንቱ አሸብሬ ከሆነስ? እንዲያውም እንዲህ እንዲሆን ተመኘሁ። ውርደቱ በስንት ጣዕሙ!

«ጤና ነን!»

ድምፁ ለስላሳ ነው። የኛኑ አጠራር አሳምሮ ይዞታል። ኢክራም «ግቡ» አለች። በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ ሠላሳ የሚሆነው፣ ጸጉሩን የተከረከመ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ። ሳጥኑን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ ያወዛውዘዋል። በረዶ የያዘ የክትባት ሳጥን ትከሻ ያጎብጣል፤ እኔ ተሸክሜው አውቃለሁ። የሱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ዞረና የግቢውን በር ዘጋው። መወርወሪያውን ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ገፋው።

ጤና በር አይዘጋም! ከኋላ ጓደኛ ስለሚከተል በር ክፍት እንተዋለን። ጥርጣሬዬ እዚያ ላይ አለቀ። ስልክ ደወልኩና ለፖሊሱ «መጥቷል» ብቻ ብዬ ዘጋሁት።

«ልጁስ?» አለ ሰውየው።

«ተኝቷል» አለች ኢክራም።

«አትቀስቅሺው። እኔው ውስጥ ገብቼ እከትበዋለሁ።»

ከአዴ ጓዳ ሙቀጫው ጀመረ። ድም። ድም። ድም። ባዶ ሙቀጫ ነው፤ ዘነዘናው ከእንጨቱ ጋር ሲጋጭ ግቢው ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ወደ ድምፁ ዞር ብሎ ሳይጨነቅ ተመለሰ።

እኔ ወጣሁ። «የየትኛው ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነህ?»

አየኝና ፈገግ አለ። «ሲስተር ወይንሸት! ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«ሳጥኑን ክፈተው።»

«ምን አስቸኮለሽ?» አለና እጁን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። የቢላ እጀታ አየሁ። መጮህ ፈለግሁ፤ ድምፄ የለም። እመኑኝ፣ ሰው ሲፈራ ይጮሃል የሚሉት ውሸት ነው። እግሬ ግን ታዘዘኝ። ወደ በሩ ሮጥኩ። ከኋላዬ ሻሼን ያዘኝ፤ ሻሹ ከራሴ ወልቆ እጁ ላይ ቀረ፣ እኔ በሩ ላይ ደረስኩ። መወርወሪያውን በሁለት እጄ ሳብኩት። አልመጣም። እንደገና ሳብኩት። ኢክራም ከኋላው የታጠበ ልብስ የሞላ ባልዲ ከነውሃው ደፋችበት። በሩ ወለል አለ።

የአራቱ ቤት ሴቶች ደጁ ላይ ነበሩ። አንዷ ምጣድ መጥረጊያ፣ አንዷ የብረት ዘንግ፣ ተማሪዎቹ ድንጋይ፣ አሮጊቷ ከዘራ ይዘዋል። የገረመኝ ግን ከነሱ ኋላ ያሉት ናቸው። ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ወንዶች፣ ሽርጣቸውን እየያዙ፣ ጉንጫቸው በጫት እንደተወጠረ፣ ተቆጥተው እየመጡ ነው። እኛን ለማዳን አልነበረም!

«ወርያ! በዚህ ሰዓት ሙቀጫ የሚወቅጠው ማነው? ጤና የላችሁም?» እያለ ነው የፊተኛው የገባው። ገብቶ ቢላ የያዘ ሰው ሲያይ ቆመ። አዴ ሙሚና ዘነዘናቸውን እንደያዙ ከጓዳ ወጡና «ወቃጯ እኔ ነኝ!» አሉ። «ያዙት!»

ያዙት። አጥር ሊወጣ ሞክሮ እርጥቡ ልብስ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። አንዱ «ምርቃናዬን አበላሸህብኝ» እያለ ሲመታው አዴ ናቸው ያስጣሉት። ፖሊሱ እያለከለኩ ሲደርሱ እጁ በኔው ሻሽ ታስሮ ነበር።

ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ይተቃቀፋል። ኢክራም አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አተረፍሽኝ፣ ወይኒዬ፣ አተረፍሽኝ» ትላለች። ፖሊሱ ሳጥኑን ሰው ፊት ዘረገፉት። ቢላ። የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር። ጠመኔ። ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር።

ገለጡት። «ይሄ የማን ነው?»

ሰውየው አቀርቅሮ «ባጃጅ ላይ ወድቆ ያገኘሁት ነው» አለ።

ዝም ብል እችል ነበር። ጽሑፌን የሚያውቅ ፖሊስ የለም፤ ስሜም ልባሱ ላይ በቀለም ተሰርዟል። ኢክራም ክንዷ አሁንም ትከሻዬ ላይ ነው። ግን ትናንት «እንጃ» ስላት ያየችኝ አይኗ ትዝ አለኝ። ሁለተኛ መዋሸት አልቻልኩም።

«የኔ ነው» አልኩ። «ከጠፋብኝ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።»

የኢክራም ክንድ ከትከሻዬ ወረደ። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ክፍሏ ገባችና መወርወሪያውን ገፋችው። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አዴ ዘነዘናውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው «ትናንት ማታ ጠይቀንሽ ነበር» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። በማግስቱ ለአለቃዬ ራሴ ተናገርኩ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ አምስቱም በር ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። አሮጊቷ «አውፍ ብያለሁ» ብለው ይቅር አሉኝ። ኢክራም ግን አልከፈተችም።

እህቶቼ፣ እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሰፈራችሁ ጭር የሚልበትን ሰዓት እወቁ፤ ጨለማ ላይሆን ይችላል። ከጎረቤታችሁ ጋር ምልክት ይኑራችሁ። ድምፃችሁ እንደሚከዳችሁ ቀድማችሁ ገምቱ፤ እግራችሁን ነጻ አድርጉ። ባጅ ብቻ አይታችሁ በር አትክፈቱ። ከሁሉ በላይ ግን የሌላ ሴት ምስጢር በእጃችሁ ያለ፣ ነርስ ብትሆኑ፣ ጸሐፊ ብትሆኑ፣ አከራይ ብትሆኑ፣ ከጠፋባችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ። እኔ የፈራሁት ቁጣን ነበር። ቁጣ ሰው አይገድልም።

ከሦስት ወር በኋላ እውነተኛው ዘመቻ መጣ። ሳጥኔን ትከሻዬ ላይ አድርጌ የሰፈሩን በር ሁሉ አንኳኳሁ፤ የኢክራምን ለመጨረሻ ተውኩት። ከክፍሌ እስከ እሷ በር ሦስት እርምጃ ነው።

«ጤና ነን» አልኩ።

«ማነው?»

«ወይንሸት ነኝ።»

«የትኛዋ ወይንሸት?»

ሳቅም እንባም መጣብኝ። «የግድግዳ ጎረቤትሽ።»

ከዚያ በስንጥቁ አንድ አይኗ ታየኝ። «ሳጥኑን መሬት አስቀምጪና ክፈቺው።»

አስቀመጥኩና ከፈትኩት። በረዶውን አንስቼ አሳየኋት። «ደብተርሽስ የት ነው?» አለችኝ። በገመድ አንገቴ ላይ ያሰርኩትን ደብተር ከቀሚሴ ውስጥ አውጥቼ ወደ ስንጥቁ አስጠጋሁት። አየችው፤ ቆይታ አየችው። ከዚያ መወርወሪያው ተንሸራተተና ልጇን አቅፋ ወጣች።

«ያዢው» አለችኝ። «አጥብቀሽ ያዢው፣ ይወራጫል።»